አሮጊቷ ድልድይ ስትሻገር

«ቀስ በል አንተ ሰው! ድንጋይ የጫንክ መሰለህ እንዴ?»

አማቴ ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጋሪው ሌላ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ባለጋሪው ዞር ብሎ ሁለታችንንም አየን፤ መጀመሪያ የእኔን ሆድ፣ ቀጥሎ የእሳቸውን። የእኔ እርግዝና በሰፈሩ ከተሰማ ቆይቷል። የአማቴ ሆድ ግን ትናንት አልነበረም። ሰውየው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በዚያ የጦርነት ዘመን ዕድሜ የሚያገኘው ያየውን ሁሉ የማይጠይቅ ሰው ነበር።

አማቴ ከሱፍ ሻላቸው ስር በአንሶላ ቅዳጅ ከወገባቸው ጋር ያሰሩት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። ማሰሮዋ ውስጥ ያለችው ደግሞ «አሮጊቷ» ናት። አሮጊቷ እርሾ ነች፤ የአማቴ እናት ከእናታቸው ተቀብለው ለሴት ልጆቻቸው ያካፈሏት፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ እርሾ። እኔ በሙሽርነቴ ሰሞን «ዛሬ አሮጊቷን ያበላ ማን ነው?» ሲባል ሰምቼ፣ ጓዳ የተኙ አያት ያሉ መስሎኝ ሰላም ልላቸው ጎንበስ ብዬ ገብቻለሁ። እስካሁን ይስቁብኛል።

ወንዙ ከተማውን ለሁለት የከፈለው ከጥንት ጀምሮ ነው። ሰዉን ለሁለት የከፈለው ግን ጦርነቱ ነው። እነሱ ማዶ፣ እኛ ወዲህ፤ መሃል ላይ የተሰበረ የሳንቃ ድልድይና ሁለት የዘበኛ ጎጆ። የተኩስ ማቆሙ ውል ከተፈረመ በኋላ ስብራቱ በአሮጌ ሳንቃ ተጠገነ። ከዚያ አንድ ቀን አዋጅ ነጋሪው ከበሮውን እየደለቀ መጣ፦ በበዓሉ ዋዜማ ከጥዋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ሴቶችና ሽማግሌዎች ድልድዩን ይሻገሩ ዘንድ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን እህል፣ ዱቄትና ዳቦ ከየትኛውም ወገን ወደየትኛውም አያልፍም። አንዱ የጦር አዛዥ የሌላውን ወታደር እንዳያደልብ ፈርቶ ነው።

ማዶ ያለችው የአማቴ ታናሽ እህት ነች። ከጦርነቱ በፊት ወደዚያ ተዳረች። ጦርነቱ ከመጣ በኋላም ሁለቱ እህትማማቾች ልብስ ለማጠብ ወንዝ ሲወርዱ፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ ሆነው እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር። ዘበኞቹ ሳይቀሩ የቤተሰቡን ወሬ በቃላቸው ያውቁታል ይባላል። ከዚያ የአማቴ የበኩር ልጅ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ድልድዩ ላይ በማዶ ዘበኞች ጥይት ወደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሽየዋ ልብስ ስታጥብ ቀና ብላ አታይም፤ ጥይቱን እሷ የተኮሰች ይመስል። አማቴም አይጠሯትም። በአንድ ውሃ ሁለቱም ልብስ ያጥባሉ፣ ዝም።

ውሉ ከተፈረመ ወዲህ በአንዱ ጥዋት ግን ታናሽየዋ ካጎነበሰችበት ድንገት ቆማ ጮኸች።

«እትዬ! ሞተችብኝ!»

ሳሙናው ከአማቴ እጅ አመለጠ። ልጇን ነው ያሰብነው፤ አንዲት ቀጭን ልጅ አለቻት። አማቴ ድምፃቸው ተሰነጣጥቆ «ማን?» አሉ።

«አሮጊቷ!»

አማቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ የተንሳፈፈውን ሳሙና ማንም አላስታወሰውም።

ጎረቤት ሁሉ «ዱቄትና ውሃ ለውሳ ብትተው ሌላ እርሾ ይወጣላት የለ?» ብሏል። እሱማ ይወጣል። ነገሩ እሱ አልነበረም። አማቴ «አልተቀየምኩሽም» የሚሉ ሴት አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ቃል ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። እርሾ ግን ይሰጣሉ። ያ የማይወጣቸው ቃል እንግዲህ ማሰሮዋ ውስጥ ነበር፣ ድልድዩ ከዛሬ በኋላ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ዕድሜው የጦር ስለሆነ አይፈቀድለትም። ስለዚህ እኔ ሆዴን ይዤ ተከተልኳቸው።

ጋሪው ላይ ከመውጣታችን በፊት አንድ ቃል አስረግጠው ነገሩኝ። «ከማዶ ወታደር ጋር አልነጋገርም። እስከ ዕለተ ሞቴ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

«እሺ እማማ።»

ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። ጎህ ሲቀድ ጓዳ ስገባ፣ አማቴ በማሰሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው ዱቄት ሲነሰንሱ ደረስኩ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ቁርሷን።»

«መንገድ ላይ ኩፍ ብትልስ?»

«ከዚህ ቤት ማንም በባዶ ሆዱ መንገድ አይወጣም» አሉ። እርሾ መንገድ የሚሄደው ተርቦ እንደሆነ፣ የጠገበ እርሾ ሙቀት ካገኘ ዕቃው እንደማይችለው፣ እኔን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ግን የበኩር ልጃቸው ያን ቀን ቁርስ ሳይበላ ቸኩሎ ነበር የወጣው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ከእሳቸው ጋር የሚከራከር የለም።

በእኛ በኩል ያለው ዘበኛ የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ነው። ጠመንጃው ከቁመቱ ይረዝማል። አማቴን አይቶ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እማማ! በዚህ ዕድሜ?»

«አንተ ዝም ብለህ ጠመንጃህን ያዝ! የጫማዬን ተረከዝ መች ልትጨርስልኝ ነው?»

«ሰላም ሲሆን።»

«ሰላም ሆኗል ተባለ እኮ።»

«እንግዲያው ተረከዙን ልፈልገዋ» ብሎ አሳለፈን።

ድልድዩ ላይ የወንዙ ጉም ገና አልተነሳም። መሃሉ ላይ ከሌሎቹ ሳንቃዎች የነጣች፣ ገና ዝናብ ያልጠገበች አዲስ ሳንቃ አለች። አሮጌዋን ያነሷት የልጃቸው ደም አልለቅ ብሎ ነው። አማቴ እዚያ ሲደርሱ ቀሚሳቸውን ከፍ አደረጉና፣ የተኛ ሰው እንደሚሻገሩ በቀስታ ተሻገሯት። እኔም እንደዚያው አደረግኩ።

ማዶ ሰልፉ አይሄድም። የዘበኞቹ አስር አለቃ ጢሙ የዱቄት መጥረጊያ ብሩሽ የሚያህል፣ እጁ አካፋ የሚያህል ሰው ነው። ቅርጫቱን ሁሉ ይፈትሻል፣ ኪሱን ሁሉ ይገለብጣል። ከፊታችን ካለች ሴት ቦርሳ አንዲት ቁራሽ ብስኩት አግኝቶ ወደ ወንዙ ሲወረውር አየሁ። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። ከአማቴ ሻል ስር የሆነ ነገር ሲተነፍስ ሰማሁ።

«እማማ» አልኩ በሹክሹክታ፣ «ሆድዎ እያደገ ነው።»

«ዝም በይ።»

«እውነቴን ነው።»

«ዝም በይ አልኩሽ፤ ለእኔ አይታወቀኝም?»

ተራችን ደረሰ። ባለጢሙ አስር አለቃ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «ምን ይዛችኋል?»

«ምንም ጌታዬ። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ።»

«ይታያል። እሳቸውስ?»

አማቴ ወንዙን ያያሉ። ምላሳቸውን የቆለፉበትን ቁልፍ ውሃ ውስጥ የጣሉ ይመስላሉ። ምን ልበል? መንገዱን ሁሉ ያሰናዳሁት ውሸት ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«እሳቸውም» አልኩ።

ከኋላችን ያለው ሰልፍ በሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሽማግሌ ሴት «እሰይ! ለእኔም ይድረሰኝ!» ስትል ወታደሮቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ። አስር አለቃው ግን አልሳቀም። አንድ እርምጃ ቀረበ፤ እጁንም ወደ ሻሉ ዘረጋ።

ያኔ ነው የማሰሮዋ ክዳን የታሰረበት ክር የተበጠሰው። ቡፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከሻሉ ስር ነጭ ነገር ብቅ አለ፣ አበጠ፣ ተንጠለጠለ፣ ሊወድቅ ወረደ።

«መሬት እንዳይነካ!»

የጮኸው አስር አለቃው ነው። ጠመንጃው ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ሰውየው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሁለት መዳፉን እንደ ሳህን ከሊጡ ስር አስገብቶ ነበር። አሮጊቷ ከማሰሮዋ እየተንጠባጠበች ወረደችና እነዚያ ትልልቅ መዳፎች ላይ ተዘፈዘፈች። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።

አስር አለቃው ቀና ብሎ አየን። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«እናቴ ናት እንዲህ ያስለመደችኝ» አለ፣ የያዙት ሌባ ይመስል። «ሊጥ መሬት ሲነካ ካየች እጄን ነበር የምትለኝ።»

ጩኸቱን ሰምቶ መቶ አለቃው ከጎጆው ወጣ። ጉንጩ አብጦ በመሐረብ ከአናቱ ጋር ታስሯል። ያበጠበትን ምክንያት ኋላ ነው የሰማሁት፤ ወታደሩ ክረምቱን በሙሉ የሚበላው ደረቅ ብስኩት መንጋጋ ጥርሱን ሰብሮበት ነው።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እርሾ ነው ጌታዬ» አለ አስር አለቃው ከተንበረከከበት።

«አዋጁን አታውቅም? ወደ ወንዝ ድፋው!»

«እጄ ተይዟል ጌታዬ።»

መቶ አለቃው ማሰሮዋን ራሱ ሊቀበል አማቴን ቀረበ። አማቴ ማሰሮዋን በሁለት እጃቸው አቅፈዋታል፤ ግማሿ ፈስሷል፣ ግማሿ አለች። አለቀልን አልኩ። ታናሽየዋ ከቤቷ ሆና በዓሉን ስትጠብቅ፣ እኛ ባዶ ማሰሮ ይዘን ስንመለስ፣ ያ ቃል እንደገና ጉሮሮ ላይ ሲቀር ታየኝ።

አስር አለቃው ግን መቶ አለቃውን አላየም። አማቴን ነው የሚያየው።

«እናቴ፣ ይኼን ምን ላድርገው?» አለ። መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

አማቴ እጆቹን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው ያችን የነጣች ሳንቃ አዩ። ያ ጥይት ከእነዚህ እጆች ይውጣ ከሌላ፣ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሳቸውም የሚያስቡት ይህንኑ እንደሆነ ገባኝ። «ወንዝ ጣለው» ማለት ይችሉ ነበር። ዝም ማለትም ይችሉ ነበር፤ ዝም ለማለትማ ምለዋል። ሰውየው መዳፉን በፍርሃት ሲጨብጥ ሊጡ በጣቶቹ መሃል ተንሸራተተ።

«አትጨብጣት!» አሉ አማቴ። «ትንፋሽ ታሳጣታለህ።»

እኔ ራሴ ደነገጥኩ። አስር አለቃው እጁን ወዲያው ዘረጋ።

«እንደዚያ። እንደ ጫጩት ያዛት። የፈሰሰው ያንተ ነው፤ በማሰሮዋ የቀረው የእህቴ ነው። ዱቄት አላችሁ?»

«ዱቄትማ አለን እናቴ፣ እርሾ ነው የጠፋው። የእኛ በውርጩ ሞተብን።»

«ንጹሕ ዕቃ ፈልግ። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ዱቄት። በጨርቅ ትሸፍናታለህ። ምድጃ አጠገብ ታስቀምጣታለህ፤ አጠገብ አልኩ፣ ላዩ አይደለም። ስሟ አሮጊቷ ነው።»

«አሮጊቷ» አለ አስር አለቃው፣ ትእዛዝ እንደሚደግም ወታደር። ከዚያ ወደ አለቃው ዞረ። «ጌታዬ፣ ይህች ከተረፈች ነገ ለበዓሉ ለስላሳ ዳቦ ይኖረናል።»

መቶ አለቃው የታሰረ ጉንጩን ያዘ። ማሰሮዋን አየ፣ የአስር አለቃውን መዳፍ አየ፣ የእኔን ሆድ አየ። «ለስላሳ?» አለ።

«እንደ ጥጥ ጌታዬ።»

«እኔ ጥርሴን ታምሜ ተኝቻለሁ» አለ መቶ አለቃው። «ምንም አላየሁም።» ጎጆው ገብቶ በሩን ዘጋ።

የታናሽየዋ ቤት ከገመድ ሠሪዎች ሰፈር ጀርባ ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ። ሳናንኳኳ ከፈተችው። እህትማማቾቹ ደፉ ላይ ተፋጠጡ፤ ሁለቱም ሸብተዋል፣ ሁለቱም ይህን አሁን ነው ያዩት። ታናሽየዋ ዓይኗን ወደ ማሰሮዋ አወረደች።

«ግማሿ የት ሄደ?»

«መንገድ ላይ ቀረ።»

«ቁርስ አብልተሻት ነው የወጣሽው?»

«ታዲያ በባዶ ሆዷ ላምጣት?»

ታናሽየዋ ሳቀች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ወገቧን ይዛ ሳቀች። አማቴ ማሰሮዋን ለእኔ አቀበሉኝና እህታቸውን አንገቷን አቀፉ። እኔ ማሰሮ አቅፌ፣ የቤቷ ቀጭን ልጅ ጭልፋ ይዛ፣ ሁለታችን እነሱን ላለማየት የምናይበት አጥተን ቆምን።

ኩሽናዋ ሞቋል። የግድግዳው ምድጃ በተሰበረ ቁም ሳጥን እንጨት እየነደደ፣ የበግ ቅልጥም ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር በመዳብ ድስት ይንተከተካል። ጠረጴዛው ላይ ከትንባሆ ቆርቆሮ የወጣ ዘቢብ፣ የተፈለጠ ለውዝ፣ ከማር ማሰሮ ግርጌ ተፍቆ የወጣ ማር ተደርድሯል። በገበታው ላይ ለበዓሉ የተበደረችው የተነፋ ዱቄት እንደ ተራራ ተቆልሎ፣ መሃሉ ለእርሾ ተጎድጉዷል።

«እንደምመጣ ማን ነገረሽ?» አሉ አማቴ።

«ማንም። ነፋሁት ብቻ።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ታጠቡ። ታናሽየዋ እርሾውን ጉድጓዱ ውስጥ እያፈሰሰች፣ ሳታየን፣ የእሷ አሮጊት እንዴት እንደሞተች ነገረችን። «የመጨረሻዋ እፍኝ ዱቄት ነበረች። ወይ ለእሷ፣ ወይ ለልጄ። ለልጄ አጥሚት አደረግኩላት። ከዚያ ወዲያ ማሰሮዋ ጠቆረች።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ አማቴ። «አሮጊት አይደለች? ጠግባ ኖራለች።»

ያቦኩ ጀመር። አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ትስባለች፤ ሊጡ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ሲሄድ የማን እጅ የት እንዳለቀ አይለይም። መሃል ላይ ታናሽየዋ ቆመች።

«እትዬ… ያን ቀን… ልጅሽን…»

«አንቺ ነሽ እንዴ የተኮስሽው?»

«አይ።»

«እንግዲያው ዘቢቡን አቀብይኝ።»

ታናሽየዋ ዘቢቡን አቀበለች። እንባዋ ሊጡ ውስጥ ጠብ ሲል አይቻለሁ፤ አማቴም አይተዋል፣ ጨው ቀነሱ።

ሊጡ ከሰዓት በኋላ ኩፍ አለ። ለበዓሉ የሚሆን ትልልቅ ዳቦ፣ በማር የተቀባ፣ ዘቢቡ ላዩ ላይ ፈጦ ወጣ። ሽታው ገመድ ሠሪዎቹን ከሰፈራቸው ጠርቶ በር ላይ አቆማቸው። ታናሽየዋ አንዱን ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለአማቴ ሰጠች፤ አማቴም በመጡበት አንሶላ ሆዳቸው ላይ አሰሩት። ማሰሮዋ እዚያው ቀረች፣ ምድጃው አጠገብ፣ በጨርቅ ተሸፍና።

ድልድዩ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ባለጢሙ አስር አለቃ ፋኖስ ይዞ ቆሟል። ትኩስ ዳቦ ከሩቅ ይሸታል፤ ጢሙ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የአማቴን ሆድ ተመለከተ።

«እናቴ፣ ገና አልተገላገሉም?»

«አንዱን ወለድኩ። መንታ ነበሩ» አሉ አማቴ።

ሰውየው መንገዱን ለቀቀልን። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ሳንቃው ለነፍሰ ጡር በምሽት ያስፈራል ብሎ ፋኖሱን ይዞ ፊት ፊታችን ሄደ። የእነሱ ወሰን እስከ ድልድዩ መሃል ነው። ያችን የነጣች ሳንቃ ሲደርስ እግሩን አንስቶ ተሻገራት፤ አልረገጣትም። ዞሮ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ ያዘልን።

አማቴም ይህን ሲያዩ አየሁ። ሳንቃዋን መሃል አድርገው እሱ ከወዲያ እሳቸው ከወዲህ ቆሙ።

«አብልተሃታል?» አሉት።

«አብልቻታለሁ። ሰፊ ቆርቆሮ ውስጥ ናት፣ ካፖርቴን አልብሻታለሁ። ኩፍ ብላለች። ወታደሩ ሁሉ እየመጣ ያያታል።»

«አታስነካት። ነገም አብላት። ከነገ ወዲያም።»

አስር አለቃው አንገቱን ደፋ። «ድልድዩ ነገ ዝግ ነው እኮ፣ እናቴ።»

አማቴ ሻላቸውን ገልጠው፣ ከሆዳቸው ላይ ካለው ዳቦ ጠርዙን ገምሰው እንፋሎቱ እየወጣ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ስለ ድልድዩ ማን ጠየቀህ?» አሉ። «እሷን አብላት ነው ያልኩህ።»